ከጉንደ ወይንም ከደጀንም የደወሉት መሪጌታ

ጉንደ ወይን፣ ኅዳር 8 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለምሥራቅ፤ ደብረ ማርቆስ።

ከተለየሽን ወዲህ ጤናሽ እንዴት ነው? ያከራዩሽ ወይዘሮ እንዴት ናቸው? ወገባቸውን ተሻላቸው? ውርጩ አልበረታብሽም? እኔ ከሳሌና ከቁጣዬ በቀር ደህና ነኝ። ሳሉ የወቅቱ ነው፤ ቁጣው ግን በአንቺ ምክንያት የመጣ ነው።

«የንባብ ክፍሉን ኮምፒውተር ካስረከብኩዎት ወር ሞላዎ፤ ለምን አይጽፉልኝም?» ብለሻል። ጽፌያለሁ እንጂ! ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ።

በመጀመሪያው ቀን እንዳሳየሽኝ አድርጌ በኮምፒውተሩ ወደ መሥሪያ ቤትሽ ደወልኩ። ማሽኑ እንደታነቀ ፍየል ጮኾ ጮኾ ተከፈተ። ሥራ ከመጀመሬ በፊት እንደ ወጉ ተነሥቼ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። ስቀመጥ መስመሩ የለም። በሁለተኛው ቀን ጸሎቱን አሳጥሬ አቡነ ዘበሰማያት ብቻ አልኩና መጻፍ ያዝኩ። መቼም አንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለት ቁልፍ መንካት ግድ ነው። ሰላምታዬን አቅርቤ የወይዘሮዋ ወገብ ላይ ስደርስ ተቆረጠ። በሦስተኛው ቀን ጨክኜ ወይዘሮዋን ዘለልኳቸው፤ «ከዚህ በመቀጠል» የሚለው ላይ ደርሼ «ላክ» ብለው የት አባቱ! ሄዷል።

ሽማግሌ ሰላምታውን ሳይጨርስ ጥሎት የሚሄድ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ደግሞ የሠራሽው አንቺ ነሽ አሉ። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ምግባር ግን አላስተማርኩሽም። እዚያ ያስቀመጥሽው ነገር ምን እንደሆነ አስረጂኝ።

ይህን ደብዳቤ በአውቶቡሱ ሾፌር በዘመንፈስቅዱስ እጅ ልኬዋለሁ። እሱ ጡሩምባውን እየነፋ «ይጨርሱ እንጂ!» ይለኛል፤ ቢሆንም ጠብቆኛል።

አጎትሽ መሪጌታ እንዳላማው


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 15 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ የኔታ።

አጎቴ ማለት እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ የለመደው የኔታን ነው። ሳልዎ እንዴት ሆነ? የወይዘሮ ወገብ ተሽሎታል፤ «እንዲህ የሚጠይቅ ዘመድ ያለሽ አይመስለኝም ነበር» ብለው መርቀውዎታል።

ደብዳቤዎን ሳነብ ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ፤ ከዚያ አፈርኩ። ይቅር ይበሉኝ። ቁልፉን አስረክቤ ስመለስ የቤቱን ሕግ አልነገርኩዎትም።

ያ ነገር ሰርቨር ይባላል። ከጠረጴዛዬ ሥር የተቀመጠ ሻንጣ የሚያህል ብረት ነው፤ ከጀርባው አራት የስልክ መስመር ገብቶበታል። አሥራ አንዳችሁም የንባብ ክፍል ኃላፊዎች የምትደውሉት አንድ ቁጥር ነው፤ ባዶውን መስመር ፈልጎ የሚያነሣላችሁ እሱ ነው። ሲያነሣ ስም ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የይለፍ ቃል። ካወቀዎ ለዚያች ጊዜ ብቻ የምትሆን አድራሻ ይሰጥዎታል፤ ሲወጡ ተቀብሎ ለሌላ ሰው ይሰጣታል። ማን፣ ከየትኛው ስልክ፣ ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት እንደወጣ ይመዘግባል። በአንድ ስም ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አያስገባም። መስመሩ አራት ብቻ ስለሆነ አሥር ደቂቃ ዝም ያለውን ያስወጣል። እርስዎ ቁልፍ ሲነኩ ቢውሉ እንኳ «ላክ» እስኪሉት ድረስ ለእሱ ዝም እንዳሉ ነው። ንቀት አይደለም የኔታ፤ ጳጳስም ቢሆኑ ያስወጣቸዋል።

ስለዚህ ጸሎትዎን ያድርሱ፣ ሰላምታዎን እስከ ወገብ ድረስ ጽፈው ይጨርሱ፣ ከዚያ በኋላ ይደውሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሥራዬ የሙከራ ነው። ኃላፊያችን አቶ አምደሚካኤል ሰርቨሩን እኔ መገጣጠሜን እስካሁን አላመኑም፤ ሰው ፊት «ይህች ልጅ የምትቆልፈው በር ይቆለፋል?» ብለውኛል። በአንድ ስም ሁለት ሰው ሲጠቀም ከተገኘ የዚያ ሰው ክፍል ይዘጋል፣ እኔም ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። የይለፍ ቃልዎን ለማንም አይንገሩ።

ልጅዎ ምሥራቅ


ጉንደ ወይን፣ ጥር 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምሥራቅ።

እንኳን ለልደቱ በሰላም አደረሰሽ። በኮምፒውተር የላክኋቸው አራቱ መልእክቶች እንደደረሱሽ በማወቄ ደስ ብሎኛል። «ማኅተም አይጠየቅም» ማለትሽንም ተቀብያለሁ፤ ማኅተሙ ያረፈበትን የኮምፒውተሩን መስታወት አጥበነዋል።

የይለፍ ቃሌ ጠንካራ መሆኑን ጠይቀሻል። በግዕዝ ነው፣ ረጅም ነው፣ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ስቼዋለሁ። አትስጊ።

ለበዓሉ ደጀን ወርጄ የንስሐ አባቴን አባ ወልደ ገብርኤልን ተሳልሜ፣ ተናዝዤ ተመለስኩ። እዚህ ሳሉ በየወሩ ቤቴ እየመጡ ጸሎት አድርሰው ጠበል ይረጩልኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ደጀን ከተዛወሩ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው አውቶቡስ አላሳፍር ብሏቸው ደጄን አልረገጡም፤ ይህም እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ስለ ሥራሽ ብዙ ጠየቁኝ፦ ምን ዓይነት ቤት ነው? ማን ይገባበታል? ማንስ ይወጣል? እኔም አንቺ እንዳስረዳሽኝ አስረዳኋቸው። ከእኔ ቶሎ ገባቸው።

በርቺ። ቅቤ በዘመንፈስቅዱስ እጅ ልኬያለሁ፤ ግማሹ ለወገቡ ነው።

አጎትሽ መሪጌታ እንዳላማው


ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ የኔታ።

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? በወረቀት የምጽፍልዎ ሰው እንዳያነብብን ፈርቼ ነው።

«አርብ በዘጠኝ ሰዓት ብደውል ‹በዚህ ስም የገባ አለ› ብሎ መለሰኝ፤ እኔ ደጅ ቆሜ ውስጥ ነህ ይለኛል» ያሉትን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ መዝገቡን ገለጥኩና ሳቄ ጠፋ። የካቲት 12 ቀንና የካቲት 19 ቀን፣ ሁለቱም አርብ፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት በእርስዎ ስምና በእርስዎ የይለፍ ቃል የገባ ሰው አለ። የደወለው ከደጀን ንባብ ክፍል ስልክ ነው።

እባክዎ የኔታ፣ በእነዚያ ቀናት ደጀን ነበሩ? እንደነበሩ ቢነግሩኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ካልነበሩ ግን ቃልዎን የሰማ ሰው ማን እንደሆነ ያስቡልኝ። አቶ አምደሚካኤል መዝገቡን የሚያዩት በወር መጨረሻ ነው።

ልጅዎ ምሥራቅ


ጉንደ ወይን፣ መጋቢት 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምሥራቅ።

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬዋለሁና ወይዘሮን ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ደጀን አልነበርኩም። አርብ በዘጠኝ ሰዓት እዚሁ ወንበሬ ላይ ነበርኩ፤ የት ልሄድ? ደሜ ፈልቷል። በስሜ ሌላ ሰው ተቀምጦ እኔን «ገብተሃል» ብሎ ከደጅ መመለስ ምን የሚሉት ግፍ ነው?

ለማንም አልነገርኩም። ለጎረቤት አልነገርኩም፣ ለተማሪ አልነገርኩም፣ በሕልሜ እንኳ እንዳይወጣኝ ብዬ ቤት ውስጥ ማንጎራጎር ትቻለሁ። በሥላሴ ስም ምዬልሻለሁ።

የደጀኑን ክፍል የሚይዘው ያ የሺዋስ የሚሉት ልጅ አይደለም? ዓይኑ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል። ሌባው ምን ወሰደ? ወይዘሮዋን የጠየቅሁበትን ሁሉ አንብቦታል?

አጎትሽ መሪጌታ እንዳላማው


ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ የኔታ።

ግራ የገባኝ እሱ ነው፤ ሌባው ምንም አልወሰደም። ደብዳቤ አላነበበም፣ አልጻፈም፣ ምንም አልከፈተም። አርብ በዘጠኝ ሰዓት ይገባል፤ አሥር ደቂቃ ዝም ይላል፤ ሰርቨሩ ያስወጣዋል። ወዲያው ተመልሶ ይገባል፤ አሥር ደቂቃ ዝም ይላል፤ ያስወጣዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ይገባል። ከዚያ እስከሚቀጥለው አርብ የለም። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ። ሰው የሰው ቤት ሰብሮ ገብቶ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ምን ፈልጎ ነው?

ለየሺዋስ ደወልኩለት። አለቀሰ። በእሱ ክፍል አርብ የሚገባ ሰው የለም አለኝ፤ አባ ወልደ ገብርኤል ብቻ ክፍሉን ሊባርኩ ይመጣሉ፤ እሳቸው ሲጸልዩ እሱ በሩን ዘግቶላቸው ይወጣል። ሌላ የነገረኝ ነገር ቢኖር አርብ አርብ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ረጥበው እንደሚያገኛቸው ነው። በዚህ በበጋ ጣሪያው እንዴት እንደሚያፈስ አልገባኝም፤ ሄጄ አየዋለሁ።

አቶ አምደሚካኤል መዝገቡን አይተውታል። የሺዋስን ከሥራ አግደውታል፤ ሦስት ልጆች አሉት። ሚያዝያ 19 ቀን ኮሚቴ ፊት ቀርቤ የገባውን ሰው ስም እንድናገር፣ ካልተናገርኩ ሰርቨሩን አስረክቤ እንድሄድ በደብዳቤ ተነግሮኛል። የኔታ፣ ፈርቻለሁ። እባክዎ እንደገና ያስቡ፤ ይህን ቃል ከአፍዎ የሰማ አንድም ነፍስ የለም?

ልጅዎ ምሥራቅ


ጉንደ ወይን፣ መጋቢት 23 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለምሥራቅ።

ደብዳቤሽን ተቀምጬ ጀምሬ ቆሜ ጨረስኩት። የረጠቡት ቁልፎች ላይ ስደርስ ጠበል መሆኑ ገባኝ። በማግሥቱ ደጀን ወረድኩ፤ ዛሬ መመለሴ ነው።

ልጄ፣ ተናግሬያለሁ። ግን ስሚኝ። አንቺ «ለማን ነገሩ?» ስትይኝ እኔ ጎረቤት፣ ተማሪ፣ ዘመድ እያልኩ ስቆጥር ከረምኩ። የንስሐ አባቴ ከቁጥሩ አልገቡም። ለንስሐ አባት የተባለ ነገር እንደ ወሬ ይቆጠራል እንዴ? ለልደት ስናዘዝ «የደበቅኸኝ ነገር አለ?» አሉኝ፤ ሁልጊዜ የሚሉት ነው። ምን ልበል? ቃልሽን ሆዴ ውስጥ ይዤ የለም ብል ውሸት ነው። አለ ግን አልናገርም ብል ድፍረት ነው። ተናገርኩ፣ ፊደል በፊደል። በሐሰት እንደማልኩልሽ የገባኝ አሁን ነው፤ እሱንም ደጀን ላይ ተናዝዤ መጣሁ።

«አባ፣ የነገርኩዎን ለሰው ተነፈሱ?» አልኳቸው። «ምስጢር አውጪ አደረግኸኝ?» ብለው መስቀላቸውን ጨበጡ። «አይ፣ ገቡበት ወይ ማለቴ ነው» አልኩ። «እንዴታ! ቤትህን መጎብኘት ግዴታዬ አይደለም? ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅህን ሳልረግጥ ቀርቼ ነበር። አሁን በስልክ እየገባሁ ጸሎት አደርስልሃለሁ፣ ጠበልም እረጫለሁ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ብቻ ያ ቤትህ ሰይጣን አለበት፤ ሁልጊዜ ወንጌሉ ላይ ስደርስ ያባርረኛል። ለዚህ ነው ሦስቴ የምመላለሰው» አሉ። ስለ አሥር ደቂቃው ልነግራቸው አፌ አልታዘዝ አለኝ። ለእኔ ብለው በዚያ ጉልበታቸው በየሳምንቱ የንባብ ክፍሉን ደረጃ ሲወጡ ነበር፤ አንጀቴን በሉኝ።

አሁን የምለምንሽን ስሚ። የእሳቸውን ስም ሌባ በሚል መዝገብ ላይ አታስፍሪ። የሺዋስም ይመለስ፤ ዓይኑ የሚርገበገበው ለካ ሕመም ኖሮበት ነው፤ ይቅር ይበለኝ። የእኔን ስም ጻፊ፣ ክፍሉንም ይዝጉት፤ እኔ በዘመንፈስቅዱስ እጅ እጽፍልሻለሁ። እናትሽ አደራ ብላኝ ነው የሞተችው። አንቺ በእኔ አፍ ምክንያት እንጀራሽን ካጣሽ ምን ፊት ይዤ መቃብሯ አጠገብ እቆማለሁ?

አጎትሽ እንዳላማው


ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ የኔታ።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ስላላስተኛሁዎት ይቅርታ፤ ቶሎ ያልጻፍኩት የምጽፈው መልካም ነገር ስላልነበረኝ ነው።

ትናንት ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። አምስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ አቶ አምደሚካኤል መሐል። የእርስዎን ስም እንድሰጥ ለምነውኝ ነበር፤ አልሰጠሁም። የአባንም አልሰጠሁም። «የገባውን ሰው አውቀዋለሁ፤ ሌባ አይደለም፤ ስሙን አልጽፍም» አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ለአሥራ አንድ ክርስቲያን ቁልፍ ሳድል ለማን እንደሚናዘዙ አልጠየቅሁም» አልኩና የሆነውን ሁሉ ስም ሳልጠራ ነገርኳቸው።

አንዱ ብዕሩን አስቀመጠ። አንዱ ጣሪያውን ያይ ጀመር። አንዱ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። አቶ አምደሚካኤል «ለሻይ እንውጣ» አሉና ሁሉም ሲወጡ እኔን አስቀሩኝ። በሩን ዘጉ። «የእኔን መዝገብ ማየት ይቻላል?» አሉኝ በሹክሹክታ።

ገለጥኩላቸው። ረቡዕ ረቡዕ በእሳቸው ስም ከከተማው ከአንድ ደብር ጽሕፈት ቤት የሚገባ ሰው አለ። የእርስዎ የንስሐ አባት ዝም ይላሉ፤ የእሳቸው ግን ዝም አይሉም፤ ያነባሉ። ከጥቅምት ጀምሮ የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ አንብበውታል፤ አንዳንዱን ሦስት ጊዜ። አቶ አምደሚካኤል ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ለካ ለዚህ ነው፤ በጾሙ መጀመሪያ ስግደቱን እጥፍ ያደረጉብኝ» አሉ።

ሻይ የጠጡት ተመለሱ፤ ጉዳዩም በአምስት ደቂቃ አለቀ። የሺዋስ ሰኞ ሥራ ይገባል። ጉንደ ወይን አይዘጋም። የእኔም ቅጥር ጸንቷል፤ ወረቀቱን ወይዘሮ ግድግዳቸው ላይ ሊሰቅሉት ተቀብለውኛል። ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ስሆን አለቀስኩ፤ በደስታ ነው፣ እንዳይጨነቁ።

ሁለት ነገር ተወስኗል። የንስሐ አባቶች የራሳቸው ስምና የራሳቸው የይለፍ ቃል ይሰጣቸዋል። ለእነሱ ዝምታው ግማሽ ሰዓት ይፈቀዳል። እናንተ ደግሞ አዲስ ቃል ታወጣላችሁ፤ ይህ ቃል በኑዛዜ ይነገር ወይስ አይነገር የሚለውን ግን ኮሚቴው ሊወስን ፈራ። አባን ይጠይቁልኝ።

ልጅዎ ምሥራቅ


ጉንደ ወይን፣ ግንቦት 16 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምሥራቅ።

ጤናሽን፣ የወይዘሮን ጤና፣ የአቶ አምደሚካኤልንም ጤና እጠይቃለሁ። ስግደቱ ቀለል አለላቸው?

ስሜን ባለመስጠትሽ ተቆጥቼሻለሁ፤ ደግሞ ኮርቼብሻለሁ። ሁለቱንም ጻፍኩ፤ የቱ እንደሚበልጥ አንቺ ታውቂዋለሽ። ደብዳቤሽን ለሾፌሩ አነበብኩለት። ተሳፋሪውም አብሮ ሰማ፤ አውቶቡሱ አርፍዶ ወጣ።

አባን ጠየቅኋቸው። «በአደራ የሰጡህ የሌላ ቤት ቁልፍ ነው፤ ኃጢአትህ አይደለም፤ አትንገረኝ» ብለው ጆሯቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እንዲያው ለመፈተን «አባ፣ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ» ብላቸው በመስቀላቸው ትከሻዬን መቱኝ። ስለዚህ አሁን ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቀው የለም፤ እኔም አንዳንዴ እረሳዋለሁ።

የራሳቸው ስም ስለደረሳቸው ደስታቸው አይነገርም። የሺዋስ በሩን ከፍቶ፣ ቁልፎቹን በላስቲክ ሸፍኖ ይጠብቃቸዋል። ባለፈው አርብ ወንጌሉን እስከ መጨረሻው አድርሰው ወጡ። ሰይጣኑ ለቅቋል ብለዋል። እኔም «ይመስገን» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

አጎትሽ መሪጌታ እንዳላማው


ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ የኔታ።

ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋ ይህ እንዲደርስዎ ተቻኩዬ ነው የምጽፈው። ያለፈው ወር ሙሉ ዝም ያልኩት ለሥራ ወጥቼ ነው፤ አሥራ ሁለተኛውን የንባብ ክፍል መርጡለ ማርያም ላይ ከፍተን ተመለስኩ። ስለ አቶ አምደሚካኤል ለጠየቁኝ፣ ደህና ናቸው፤ አሁን ጠረጴዛዬ ጋ ሲመጡ በሩን አንኳኩተው ነው።

ትናንት አርብ በዘጠኝ ሰዓት ስልኬ ጮኸ። አባ ወልደ ገብርኤል ናቸው፣ ከደጀን። እንዲያ ሲቆጡ ሰምቻቸው አላውቅም። «ልጄ፣ ሌባ ገብቷል! በስሜ ብገባ ‹በዚህ ስም የገባ አለ› ይለኛል። እኔ ደጅ ቆሜ ውስጥ ነህ ይለኛል! ይህ ምን የሚሉት ግፍ ነው?» አሉ።

መዝገቡን ገለጥኩ። እውነትም በእሳቸው ስም አንድ ሰው ገብቶ ዝም ብሏል።

«አባ፣ ቃልዎን ለማን ነገሩ?» አልኳቸው።

«ለማንም! በመስቀሌ!» አሉ።

«እርስዎስ የሚናዘዙላቸው አባት የት ነው ያሉት?» አልኳቸው።

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል ነበር።

«መርጡለ ማርያም» አሉኝ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

ልጅዎ ምሥራቅ